ቫልቭ ማስተካከል፦ በገዛ እጅ ወይስ በመካኒክ?

ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት፦ የሚከተለው ምንባብ ገላጭ ድርሰት ነው። ገላጭ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደ ሆነ በቅደም ተከተል ያስረዳል። በምታነቡበት ጊዜ፣ በመግቢያው ላይ የተነሣው ጥያቄ እስከ መደምደሚያው ድረስ እንዴት መልኩን እንደ ለወጠ አስተውሉ።

በብዙ የአገራችን ከተሞችና የገጠር መንገዶች ሞተር ብስክሌት የእንጀራ መሣሪያ ከሆነ ቆይቷል። እስቲ አንድ ወጣት በሐሳባችን እንሣል። ይህ ወጣት ትምህርቱን ከፈጸመ በኋላ ቤተሰቡ ከብት ሸጠው፣ ጥቂትም ተበድረው አንድ ሞተር ብስክሌት ገዙለት። በእርሱም ከአውቶቡስ መናኸሪያ እስከ ገበያ ሰው እያመላለሰ ራሱንም ታናናሾቹንም ያስተዳድራል። አንድ ቀን ከሞተሩ ራስ «ቲክ፣ ቲክ፣ ቲክ» የሚል ድምፅ ይሰማ ጀመር። አንዱ ጓደኛው፣ «ቫልቩ ላልቷል፤ በካቻቢቴ ጠበቅ ብታደርገው ዝም ይላል» አለው። ሌላው ደግሞ፣ «ሞተር አትንካ፤ ወደ ጋራዥ ውሰደው» ሲል መከረው።

ወጣቱ በሁለት ምክሮች መካከል ቆመ። ወደ ጋራዥ ቢወስደው የሥራ ቀንም ገንዘብም ይጠፋበታል። ራሱ ነካክቶ ቢያበላሸው ደግሞ የጠፋው የቤተሰቡ ከብት ነው። እንግዲህ የትኛውን ይምረጥ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት በቅድሚያ ቫልቭ ምን እንደ ሆነና የሚስተካከለውም ለምን እንደ ሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» እንዲሉ።

ቫልቭ ምንድን ነው?

ቫልቭ በሲሊንደር ራስ ላይ፣ የጋራዥ ሰዎች «ቴስታታ» በሚሉት ክፍል ውስጥ የሚገኝ በር ነው። እግሩ ቀጭንና ረዥም፣ ጫፉ ክብና ጠፍጣፋ በመሆኑ ቅርጹ እንጉዳይ ይመስላል። አንድ ተራ ሞተር ቢያንስ ሁለት ቫልቮች አሉት። አንደኛው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ የሚገባበት ሲሆን አስገቢ ቫልቭ ይባላል። ሁለተኛው የተቃጠለው ጢስ የሚወጣበት ስለ ሆነ አስወጪ ቫልቭ ይባላል።

እነዚህ በሮች የሚከፈቱትና የሚዘጉት ፒስተኑ ሽቅብና ቁልቁል በሚያደርጋቸው አራት ምቶች ልክ ነው። በመጀመሪያው ምት ፒስተኑ ሲወርድ አስገቢው በር ተከፍቶ ድብልቁ ይገባል። በሁለተኛው ምት ሁለቱም በሮች ተዘግተው ፒስተኑ ሽቅብ እየወጣ ድብልቁን ያምቃል። በሦስተኛው ምት ካንዴላው እሳት ይጭራል፤ ድብልቁም ተቀጣጥሎ ፒስተኑን በኃይል ቁልቁል ይገፋዋል። በአራተኛው ምት አስወጪው በር ይከፈትና ጢሱ ወደ ማርሚታው ይወጣል። አራቱ ምቶች የሚፈጸሙት የሞተሩ ዋና ዘንግ ሁለት ጊዜ ሲዞር ነው። ስለዚህ ዋናው ዘንግ በደቂቃ 6,000 ጊዜ በሚዞርበት ፍጥነት እያንዳንዱ ቫልቭ በደቂቃ 3,000 ጊዜ፣ ማለትም በሰከንድ 50 ጊዜ ይከፈታል፤ 50 ጊዜም ይዘጋል።

በሩን የሚከፍተው ካም የሚባል ጉብታ ያለው ዘንግ ነው። ዘንጉ ሲዞር ጉብታው ሮከር የሚባለውን ትንሽ ክንድ ያነሣል፤ የሮከሩ ሌላኛው ጫፍም የቫልቩን እግር ወደ ታች ይጫናል። ጉብታው ባለፈ ጊዜ ጥምዝምዝ የብረት ሞላ ቫልቩን መልሶ ይዘጋዋል።

ክፍተቱ ለምን አስፈለገ?

ቫልቩ በተዘጋበት ጊዜ በሮከሩ ጫፍና በቫልቩ እግር መካከል እጅግ ጠባብ ክፍተት ሊኖር ይገባል። ምክንያቱም ብረት ሲግል ይረዝማል። ይልቁንም የሚነድ ጢስ የሚያልፍበት የአስወጪው ቫልቭ ሙቀት ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል። ሞተሩ በቀዘቀዘበት ጊዜ ክፍተት ካልተተወለት፣ ቫልቩ በሙቀት በረዘመ ጊዜ ሮከሩ ላይ ይደገፍና በሩ ፈጽሞ ሳይዘጋ ይቀራል።

የክፍተቱ መጠን ከሞተር ወደ ሞተር ይለያያል። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1976 ገበያ ላይ በዋለው በሆንዳ ሲጂ 125 ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የሁለቱም ቫልቮች ክፍተት 0.08 ሚሊ ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 መሠራት ከጀመረው የሆንዳ ሱፐር ከብ ቤተሰብ አንዱ በሆነው ባለ 90 ደግሞ 0.05 ሚሊ ሜትር ነው። ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ የምንነጋገርበት ክፍተት አንዲት ወረቀት እንኳ እንደ ልብ የማታልፍበት መሆኑን ልብ ይሏል።

ይህ ክፍተት በአገልግሎት ብዛት ይለወጣል። የሮከሩና የቫልቩ እግር ጫፎች እርስ በርስ ሲተሻሹ ስለሚበሉ ክፍተቱ ይሰፋል። በአንጻሩ ቫልቩና መቀመጫው ሲበሉ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ዘልቆ ስለሚገባ እግሩ ወደ ሮከሩ ይጠጋል፤ ክፍተቱም ይጠባል። ስለዚህ የአንድ ሞተር ክፍተት ይስፋ ወይም ይጥበብ በግምት ማወቅ አይቻልም። ማወቅ የሚቻለው በመለካት ብቻ ነው።

የሚጮኸውና ዝም የሚለው

ክፍተቱ ከልክ በላይ ሲሰፋ ሮከሩ ቫልቩን በቀስታ በመንካት ፈንታ ይመታዋል። ወጣቱ የሰማው «ቲክ፣ ቲክ» የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከዚህ ነው። ቫልቩ ዘግይቶ ይከፈታል፤ በሙሉም አይከፈትም፤ የሞተሩም ኃይል በመጠኑ ይቀንሳል። ይህ ጉዳት መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ቀስ ብሎ የሚመጣና ድምፅ እያሰማ የሚያስጠነቅቅ ጉዳት ነው። እንዲያውም በሮከር የሚሠራ ጤነኛ ሞተር ጥቂት የቲክታ ድምፅ ማሰማቱ የተለመደ ነው።

ክፍተቱ ከልክ በታች ሲጠብ ግን ድምፁ ይጠፋል። የማያውቅ ሰው ሞተሩ ተሻለው ብሎ ይደሰታል። እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቫልቩ ከጢሱ የተቀበለውን ሙቀት የሚያስተላልፈው በአብዛኛው በተዘጋበት ጊዜ ከመቀመጫው ጋር በሚያደርገው ንክኪ ነው። በደንብ ካልተዘጋ ሙቀቱን የሚያወርድበት መንገድ የለውም፤ በጠባቡ ስንጥቅ የሚሾልከውም ነበልባል ጠርዙን ይበላዋል። ሞተሩ ሲሞቅ መነሣት ያስቸግረዋል፤ ኃይሉ ይደክማል፤ በመጨረሻም ቫልቩ ይቃጠላል። ያን ጊዜ ቴስታታውን ማውረድ፣ ቫልቩን መለወጥ፣ መቀመጫውን ማስተካከልና አዲስ ጓርኒሲዮን መግዛት ግድ ይሆናል። ይህ ሁሉ ወጪና ድካም በጊዜው ቢለካ ይቀር ነበር። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይስማማ አይቀርም።

ከዚህ የምንረዳው ለወጣቱ «ጠበቅ አድርገው፤ ዝም ይላል» የተባለው ምክር እጅግ አደገኛ መሆኑን ነው። በቫልቭ ነገር ከሚጮኸው ይልቅ ዝም የሚለው ያስፈራል።

በቤት ውስጥ እንዴት ይሠራል?

በሮከር የሚሠሩ ብዙ ትናንሽ ሞተሮች የቫልቭ ክፍተታቸው የሚስተካከለው በአንድ ብሎንና ብሎኑን በሚያስረው አንድ ዳዶ ነው። ሆንዳ ሲጂ 125 ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሠሪዎቹ ይህን ሞተር ያቀዱት በታዳጊ አገሮች ብዙ ባለንብረቶች ሞተር ብስክሌታቸውን በወቅቱ እንደማያስጠግኑ ተገንዝበው ነው። ከእርሱ የተቀዱ ሞተሮችም በቻይና በብዛት ተሠርተዋል። ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች ተስማሚ ቁልፎች፣ ካቻቢቴና የክፍተት መለኪያ ናቸው። የክፍተት መለኪያ ማለት በአንድ ጫፋቸው የተያያዙ፣ ውፍረታቸው በላያቸው የተጻፈ ስስ የብረት ቅጠሎች ስብስብ ሲሆን ዋጋው ከተቃጠለ ቫልቭ ጥገና ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የሥራው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው። አንደኛ፣ ሞተሩ ፈጽሞ መቀዝቀዝ አለበት። የሆንዳ መመሪያዎች ከ35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እንዲሆን ያዛሉ። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው ጊዜ ሞተሩ አድሮ ከመነሣቱ በፊት ጧት ነው። ሁለተኛ፣ አፈርና አሸዋ ወደ ሞተሩ እንዳይገባ የቴስታታው ዙሪያ ይጠረጋል፤ ከዚያ በኋላ ክዳኑ ይከፈታል። ሦስተኛ፣ በዋናው ዘንግ ጫፍ ባለው መዘውር ላይ የተቀረጸው ምልክት በሞተሩ አካል ላይ ካለው ምልክት ጋር እስኪገጥም ዘንጉ በእጅ ይዞራል። ያን ጊዜ ፒስተኑ ጫፍ ደርሷል ማለት ነው።

ነገር ግን ፒስተኑ በአራቱ ምቶች ውስጥ ሁለት ጊዜ ጫፍ ይደርሳል፤ ትክክለኛው ግን ሁለቱም ቫልቮች የተዘጉበት፣ የእመቃው ምት መጨረሻ ነው። ሁለቱም ሮከሮች በጣት ሲነቀነቁ ጥቂት ላላ ካሉ ትክክል ነው፤ ካላሉ ዋናው ዘንግ አንድ ሙሉ ዙር መዞር አለበት። ብዙ ጀማሪዎች የሚሳሳቱት በዚህ ላይ ነው።

አራተኛ፣ በመመሪያው መጽሐፍ የታዘዘው ውፍረት ያለው ቅጠል በክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ቅጠሉ ያለ ምንም መያዝ ከሾለከ ክፍተቱ ሰፍቷል፤ አልገባም ካለ ጠቧል፤ ጥቂት ያዝ እያደረገ ከተንሸራተተ ልክ ነው። ልክ ካልሆነ ዳዶው ይላላና ብሎኑ ይስተካከላል። አምስተኛ፣ ብሎኑ እንዳይዞር ተይዞ ዳዶው ይጠብቃል። ዳዶው ሲጠብቅ ክፍተቱ ሊለወጥ ስለሚችል እንደገና ይለካል። በመጨረሻም ዋናው ዘንግ ጥቂት ጊዜ ዞሮ፣ ምልክቱ እንደገና ከገጠመ በኋላ ለመጨረሻ ጊዜ ይለካል።

ጥንቃቄ የሚሻ ሌላም ነገር አለ። ቴስታታው አብዛኛውን ጊዜ ከአልሙኒየም የተሠራ ነው። አልሙኒየም ከብረት ስለሚለሰልስ፣ ብሎን ከልክ በላይ ሲጠብቅ ጥርሱ ይበላል። ጉልበት ያለው ሰው ሁሉ ጥሩ ሠራተኛ አይደለም።

ሁሉም ሞተር አንድ አይደለም

ከላይ የተገለጠው ሥራ ለሁሉም ሞተር የሚሆን አይደለም። ባለ ሁለት ምት ሞተሮች እንዲህ ያለ ቫልቭ ስለሌላቸው ጥያቄው አይነሣባቸውም። እንደ ሃርሊ ዴቪድሰን ያሉ ትልልቅ ሞተር ብስክሌቶችም በዘይት ግፊት ክፍተቱን ራሱ የሚያስተካክል መሣሪያ አላቸው።

በሌላ በኩል በብዙ ፈጣን ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ክፍተቱ የሚለወጠው በብሎን ሳይሆን ሽም የሚባሉትን የሳንቲም ቅርጽ ያላቸው ትናንሽ ብረቶች በመቀያየር ነው። ሽሙን ለመለወጥ አብዛኛውን ጊዜ የካሙን ዘንግ ማውጣት ያስፈልጋል። ዘንጉ ተመልሶ ሲገባ ሰንሰለቱ ከቦታው ጥርስ ቢዘል ቫልቩ ከፒስተኑ ጋር ሊጋጭ ይችላል። እንዲህ ያለው ሞተር የሚመረመረው በረዥም ጊዜ አንዴ፣ ብዙውን ጊዜ ከ20,000 ኪሎ ሜትር በላይ ከተነዳ በኋላ ስለ ሆነ፣ ለሠለጠነ መካኒክ መክፈሉ ይበጃል። የትንሹ ሞተር ግን በየጥቂት ሺህ ኪሎ ሜትሩ መመርመር አለበት። ደጋግሞ የሚመጣ ሥራ ደግሞ ባለቤቱ ቢማረው የሚያዋጣ ሥራ ነው።

ወደ መካኒክ ስንሄድ

መካኒክ መቅጠር የራሱ ጥቅም አለው። ጥሩ መካኒክ ብዙ ሞተር ስለ ከፈተ ጀማሪ የማያየውን ያያል፤ የተበላ ሮከር፣ የደከመ ሞላ፣ የሚያፈስ ጓርኒሲዮን አይሰወርበትም። ቢሆንም ለመካኒክ መስጠት ማለት ዐይንን ጨፍኖ መተው ማለት አይደለም። የሚከተለውን ንግግር እንመልከት፦

— ጋሼ፣ ክፍተቱን ለክተው ነው ያስተካከሉት?

— ልጄ፣ ሃያ ዓመት የሠራሁበት ጆሮ አለኝ፤ መለኪያ ምን ያደርግልኛል?

— እውነት ነው ጋሼ፣ ልምድዎን አልጠራጠርም። ግን የጠበበውን ጆሮ አይሰማውምና፣ ካላስቸገርኩ ነገ ጧት ሞተሩ ሳይነሣ አብረን ብንለካው?

ወጣቱ አክብሮቱን ሳያጓድል እውነቱን ተናግሯል። የልምድ ጆሮ የሰፋውን ክፍተት ይለያል፤ የጠበበው ግን ድምፅ ስለሌለው የቱንም ያህል የሠለጠነ ጆሮ ያመልጠዋል። እንዲሁም ሞተሩን ነድተን አምጥተን ሳይቀዘቅዝ ወዲያው እንዲስተካከልልን ብናስቸኩል፣ ስሕተቱ የመካኒኩ ብቻ ሳይሆን የእኛም ነው።

መደምደሚያ

ከላይ በተዘረዘረው መሠረት ወጣቱ ራሱን ሦስት ጥያቄዎች ሊጠይቅ ይገባዋል። የሞተሬ ቫልቭ የሚስተካከለው በብሎንና በዳዶ ነው ወይስ በሽም? የታዘዘውን የክፍተት መጠንና መለኪያውን በእጄ ይዣለሁ? ሥራዬን ከጨረስኩ በኋላ ልክ መሆኑን ራሴ ማረጋገጥ እችላለሁ? ለሦስቱም በጎ መልስ ካለው በገዛ እጁ ቢሠራ ገንዘቡን ይቆጥባል፤ ዕውቀትም ያተርፋል። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ግን ወደ መካኒክ መሄድ ይሻለዋል። መጀመሪያ ሲሠራም ከሚያውቅ ሰው አጠገብ ሆኖ ቢሠራ መልካም ነው።

ይሁን እንጂ ነገሩን በጥልቀት ስንመለከተው «በገዛ እጅ ወይስ በመካኒክ?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ሥራዎችን አንድ አድርጎ የያዘ ሆኖ እናገኘዋለን። መለካት አንድ ሥራ ነው፤ ማስተካከል ሌላ ሥራ ነው። በትንሽ ሞተር መለካት ምንም አያበላሽም፤ ማንም ትዕግሥትና ንጹሕ እጅ ያለው ሰው ሊማረው ይችላል። ማስተካከሉን ለመካኒክ የሚሰጥ ሰው እንኳ መለካትን ካወቀ፣ ምን እንደሚያሠራና የከፈለበት ሥራ መሠራቱን ያውቃል። ስለዚህ ማስተካከሉ የሚችለው ሰው ድርሻ ይሁን፤ መለካቱ ግን የባለቤቱ ድርሻ ነው። የቤተሰቡን ከብት በሁለት ጎማ ላይ አድርጎ የሚነዳ ወጣት ሀብቱን በሌላ ሰው ጆሮ ብቻ ሊያስጠብቅ አይገባውም።

መልመጃ

ሀ. የሚከተሉትን ጥያቄዎች በምንባቡ መሠረት በቃል መልሱ።

1. ሞተሩ በደቂቃ 6,000 ጊዜ ሲዞር አንድ ቫልቭ በደቂቃ ስንት ጊዜ ይከፈታል? ለምን?
2. የክፍተት መስፋትና መጥበብ ከሚያመጡት ጉዳት የትኛው ይብሳል? ምክንያቱን ግለጡ።
3. የቫልቭ ክፍተት ጧት ሞተሩ ሳይነሣ የሚለካው ለምንድን ነው?
4. በመግቢያው የተነሣው ጥያቄ በመደምደሚያው ላይ በምን ተለወጠ?

ለ. «ካንዴላ»፣ «ዳዶ»፣ «ካቻቢቴ»፣ «ማርሚታ» ከጣልያንኛ የተወረሱ ቃላት ናቸው። በአካባቢያችሁ ጋራዥ የሚነገሩ ሌሎች አምስት የውሰት ቃላት ፈልጋችሁ ትርጉማቸውን ጻፉ።

ሐ. «ይሁን እንጂ»፣ «በአንጻሩ»፣ «ስለዚህ»፣ «እንዲያውም» የተባሉት አያያዥ ቃላት በምንባቡ የገቡበትን ቦታ ፈልጉ። እያንዳንዱ ከፊቱና ከኋላው ያሉትን ሐሳቦች በምን ዓይነት ግንኙነት እንዳያያዘ አስረዱ።

መ. በቤታችሁ ወይም በሠፈራችሁ ሰው ራሱ ሊሠራው ወይም ለባለሙያ ሊሰጠው ከሚችለው ሥራ አንዱን ምረጡ። የሥራውን ጠባይ፣ የሚያስፈልገውን መሣሪያና ሊደርስ የሚችለውን ጉዳት በቅደም ተከተል እየገለጣችሁ፣ በመጨረሻም የራሳችሁን ውሳኔ ከነምክንያቱ አስፍራችሁ የአራት አንቀጽ ገላጭ ድርሰት ጻፉ።